ባሌ ይጥራ

የጎባ ሰው እኅተማርያምን ሲያነሣ ምላሷን ያስቀድማል፣ ቁመቷን ያስከትላል። ምላሷ ስል ነው፤ ቁመቷ ደግሞ ከአጥሯ አልፎ የሰው ግቢ ያሳያታል፤ ያየችውንም ሆድ ይፍጀው የምትል ሴት አይደለችም። ፊደል አልቆጠረችም። ይህን ማንም ሳይነግርባት ራሷ ትናገርና፣ የቆጠሩትንስ ምን ሲሆኑ አየን ብላ አፍ ታስይዛለች።

ባሏ ጌታነህ አናጢ ነበር፤ ዋና ሥራው በር። ከሞተ ሰባት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ተዝካሩም ደርሷል። መቼም ሰው ሲሞት ደግነቱ ይጨምራል፤ ክፉ ሰው የሞተበት ሰፈር የለም። ጌታነህ ግን ደግነቱ ባለበት ቆሞ ቁመቱ ነበር የሚጨምረው። በሙት ዓመቱ እኅተማርያም ትከሻ ለትከሻ ነበርን አለች። ትንሽ ቆይታ፣ ሲያናግራት ቁልቁል ያያት እንደነበር ትዝ አላት። ዘንድሮ ደግሞ በጽዋ ማኅበር ላይ፣ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ራሱን እንዳይመታ ጎንበስ ይል ነበር ብላ ተናገረች። ዋሽታ አይደለም። ቤቱ ባዶውን ሲውል ሰውየው በሩን ሞልቶ ቆሞ ነው የሚታያት፤ በር የሚሞላ ሰው እንዴት አጭር ይሆናል?

ጎረቤቷ ልደት ግን ይህችን አላሳለፈቻትም። የጽዋውን ዳቦ እያላመጠች፣

"እትዬ፣ ጋሽ ጌታነህ በር የሚለኩት በራሳቸው ቁመት ነበር ይባላል። ታዲያ እኔ እሳቸው በሠሩት በር በወጣሁ በገባሁ ቁጥር ግንባሬ የሚላጠው ለምንድን ነው?" አለች።

ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። እኅተማርያም የያዘችውን ዳቦ አስቀመጠች።

"በተዝካሩ ቀን ራሱ መጥቶ ይመሰክራል። ያን ጊዜ የሚላጠው ምላስሽ ነው" አለቻት።

ይህን ያለችው አንድ ፊልም ተማምና ነው። ልጃቸው የተዳረች ጊዜ ሠርጉ በካሜራ ተቀርጾ ነበር፤ ጌታነህ በቁሙ፣ እየሄደና እየሳቀ የተቀረጸው በዕድሜው ያን ቀን ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ የመታወቂያ ፎቶ ነው፣ ከአንገት በላይ፤ ከአንገት በላይ የሆነ ነገር ደግሞ ስለ ቁመት ምን ይመሰክራል? ከሠርጉ ጥቂት ወራት በኋላ ስለሞተ እኅተማርያም ያን ፊልም አንድም ቀን አላየችውም። ሲዲው ሻሸመኔ ልጇ ቤት ነበር፤ የልጅ ልጆቿ እንደ ጎማ መሬት ለመሬት ሲያንከባልሉት ኖረዋል። አሁን ግን አስላከችው። ሰባት ዓመት ሙሉ ያልተንቀሳቀሰውን ባሏን ድንኳን ውስጥ፣ በሰው ሁሉ ፊት ልታየው ነው። ከዚህ በላይ የምትፈልገው ነገር በዚህች ምድር ላይ አልነበራትም።

ሲዲውን በነጠላዋ ጠቅልላ፣ ሚኒባስ ተሳፍራ ሮቤ ወረደች። ሠርጉን የቀረጸው ረዲ መናኸሪያው አጠገብ ሱቅ አለው። የጊኒር ልጅ ነው፤ ጨዋ፣ ታላቅ ሲያይ ብድግ የሚል። አፉን የፈታው በኦሮምኛ ቢሆንም አማርኛውም ሸጋ ነው፤ ሲጮኹበት ብቻ ይደናገራል። እኅተማርያም ነገሯን አጭርና ግልጽ አድርጋ ነገረችው። ጭፈራውን አውጣልኝ፣ አማቾቼን አውጣልኝ፣ ኬኩንም አውጣልኝ፤ ባሌን ብቻ ለብቻው አድርገህ ስጠኝ።

ረዲ አንድ ነገር አሳስቦት ነበር። የሠርጉ እናት ካሴት፣ ያ መጀመሪያ የተቀረጸበት፣ መደርደሪያው ላይ አለ። ካሴቱን የሚያጫውተው ካሜራ ግን የለም፤ የእኅቱ ባል መሀመድአወል ተውሶት ከሐረና ማዶ አንገቱ ወደሚባለው ከተማ ወርዷል፤ የቡና ጊዜ ነው፣ ያገሩ ሰው እየተጋባ ነው። እናቲቱ ቁጭ ብላ ሳለ ከልጅ ልጅ መቅዳት ደስ አይልም፤ ግን ሴትዮዋ እላዩ ላይ ቆማለች፣ የሴትዮዋንም ዓይን አይቷል። ከተፋፋቀው ሲዲ ቀዳ፣ ቆረጠ፣ ቀጠለ፣ ኮምፒውተሩ እንደገና ጠቅልሎ እንዲያወጣው አዘዘና በሚኒባስ ላከላት።

እኅተማርያም መዝጊያዋን ዘግታ ብቻዋን ከፈተችው። ጌታነህ ከሚፈላ ድስት ማዶ የቆመ ሰው መስሎ መጣ። ፊት እንዳለው ያስታውቃል፤ ማን እንደሆነ ግን አያስታውቅም። ቆሞ ይሁን ተቀምጦም አይለይም።

ደግማ ሮቤ ልትወርድ አልፈለገችም፤ እሷ አንድ ሱቅ ሁለት ጊዜ አትሄድም። ስልክ አስደወለችና፣ አልጠራም፣ ባሌ ይጥራ አለችው።

ረዲ ያን ጊዜ መናኸሪያ መሃል ነበር። የሮቤ መናኸሪያ ደግሞ የዲንሾ ረዳት ዲንሾ፣ የጊኒር ረዳት ጊኒር እያለ ጉሮሮውን የሚቀድበት ቦታ ነው። አልጠራም ያለችው ለእሱ አላጠረም ሆኖ ገባው። ይጥራ ያለችውም ይጠር ሆኖ ገባው። እሺ እማማ አለ። ገባና የቆረጠውን እንደገና ቆረጠው፤ እኩሌታው ቀረ። ኮምፒውተሩም ያንኑ ያኘከውን ደግሞ አኘከው።

ሁለተኛው ሲዲ ሲመጣ ጌታነህ ብቅ ብሎ ጠፋ። ብቅ ያለውም ካለፈው ባሰ፤ ፊቱ ሰም ሆኖ ቀልጧል። ሌላ ሰው ቢሆን ይደነግጥ ነበር። እኅተማርያም ግን ጠላ ጠምቃ ልጆች ያሳደገች ሴት ናት፤ ጠላ በመጀመሪያው ማጥለል መቼ ጠርቶ ያውቃል? ደጋግሞ ማሳለፍ ነው እንጂ። እንደገና አስደወለችና፣ በዚያው ባሳለፍከው ላይ ደግመህ አሳልፈው፣ እስኪጠራ ድረስ አሳልፈው አለችው።

ረዲ እስኪያጥር ድረስ መሆኑ ገባው። ሆኖም የእጅ ሥራውን የሚወድ ልጅ ነውና ሊያስረዳት ሞከረ። ኮምፒውተር ምስልን የሚያወጣው እንደ ጫት አኝኮ ነው፤ በታኘከ ቁጥር አረንጓዴው ይሄዳል፤ የታኘከ ደግሞ ሲታኘክ የሚቀረው ገረባ ነው አላት። ለእሷ ከዚህ ሁሉ ጫት የሚለው ብቻ ደረሳት። በሥራ ሰዓት ጫት መቃም እንደማያዋጣው፣ እናቱም ይህን ብትሰማ ደስ እንደማይላት መክራው ስልኩን ዘጋችው።

ሦስተኛው ሲዲ ከማየት ማስነጠስ ይረዝማል። ይሄኔ ትዕግሥቷ አለቀ።

"ረዲ፣ ፊልሙን ፊልሙን እያልክ አታድክመኝ። ባሌ ራሱ። ሰውየው ራሱ ይጥራ።"

"እሳቸው ራሳቸው፣ እማማ?"

"ራሳቸው።"

ረዲ ስልኩን ኪሱ ከትቶ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ። ባልቴት ሴት የሞተ ባሏ እንዲያጥርላት ለምን ትፈልጋለች? ግን እሱ ሙስሊም ነው፤ የክርስቲያን ተዝካር ምን እንደሚጠይቅ አያውቅም። ምናልባት ሙት በሰባተኛ ዓመቱ ዝቅ ብሎ መታየት አለበት የሚል ሥርዓት ይኖራል። የሰው ሃይማኖት አይመረመርም። ቢስሚላህ አለና ጌታነህን ከላይና ከታች ይዞ ጨፈለቀው፤ ለኮምፒውተሩም ለአራተኛ ጊዜ አጎረሰው።

የመጣው ነገር በርጩማ ነው። ስፋቱ ከቁመቱ የሚበልጥ፣ አራት ማዕዘን በአራት ማዕዘን ላይ የተደረተ፣ አረንጓዴና ቡናማ የሆነ በርጩማ። ሲንቀሳቀስ ማዕዘኖቹ ይንቀሳቀሳሉ።

እኅተማርያም የመጀመሪያ ሐሳቧ ልደት ነበረች። ልደት ይህን ካየች ጎባ ውስጥ መኖር የለም። ቤት ውስጥ ስልኩ እየቆራረጠ አስቸገራት፤ ነጠላዋን መሬት እያስጎተተች አውራ ጎዳናው ላይ ወጣችና ሚኒባስ መጠበቂያው ጋ ቆማ ያላትን ሁሉ አወረደችበት። ባሌን ቆራረጣችሁት፣ ባሌን ጨፈለቃችሁት፣ ባሌን አራት ማዕዘን አደረጋችሁት፣ አሁንም ባሌ ይጥራ ነው የምለው፣ ባሌ ካልጠራ እኔ እንቅልፍ የለኝም አለች።

ዘመኑ እንደምታውቁት ነው። ምርጫው ካለፈ ገና ዓመት አልሞላውም፤ በጎባ ጎዳና ላይ ከእግር ይልቅ ጆሮ ይበዛ ነበር። ለእሷ ባሌ ማለት አናጢው ጌታነህ ነው። ለመንገደኛው ግን ባሌ ማለት ከሳነቴ እስከ ጊኒር ያለው አገር ነው። የመንዝ ሰው የልጅ ልጅ የሆነች ሴት አደባባይ ወጥታ ባሌ ይጥራ ስትል፣ ከማን ይጥራ? አንድ ታጣቂ ሰማትና ቃሉን ሳያጎድል፣ እንዲያውም ትንሽ ጨምሮ፣ ለቀበሌ አደረሰው።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ቱፋ ወንበር አስቀርቦ አስቀመጣት። ቱፋ ክፉ ሰው አይደለም፤ ችግሩ ስብሰባ አብዝቶ ስለኖረ ሰው ሁሉ ስብሰባ ላይ ያለ ይመስለዋል። ኮሚቴው በሙሉ ተሰብስቧል። ቱፋ በኦሮምኛ ሰላምታ ጀመረ።

"አዮ እኅተማርያም፣ አካም ጅርቱ። በክብር ነው የጠራንዎት። ባሌ ተቆራረጠ ብለዋል። ማን ነው የቆራረጠው?"

"የጊኒሩ ልጅ።"

ጸሐፊው ቀና አለ።

"በማን ትእዛዝ?"

"በእኔ። እኔ ግን ቁረጥ አላልኩም።"

"እሺ። ባሌ የማን ነው ይላሉ?"

"የማን ይሆናል? የእኔ ነዋ። በቁርባን።"

"የእርስዎ ብቻ?"

"ሌላ ይገባኛል የምትል ካለች ትምጣና ትሞክረኝ።"

ኮሚቴው ተያየ። ባሌን ሊገነጥል የመጣ ሰው አይተዋል፣ ሊጠቀልል የመጣም አይተዋል፤ ባሌን በቁርባን ያገባች ሴት ግን በመመሪያው ላይ የለችም። ቱፋ ማስረጃ አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። አለ፣ ያው ነጠላዬ ውስጥ ነው አለችና ሲዲውን አወጣችላቸው። ረዲም ከሮቤ ተጠርቶ መጣ፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

የቀበሌው ቴሌቪዥን ተከፈተ። አረንጓዴው፣ ቡናማውና ነጩ ማዕዘን ተደርድሮ ወጣ። ቆይቶ ከኮሚቴው አንዱ፣ መሸሻ የሚባል የግብርና ሰው፣ ካርታ ነው አለ። ሁሉም ጠጋ አሉ። እውነትም ካርታ። አረንጓዴው የሐረና ጫካ ነው ተባለ። ነጩ የሳነቴ ጉም መሆን አለበት። ቡናማው የሲናና የእርሻ መሬት ነው፤ መሸሻ ራሱ ገብሱን ያየ ይመስል እጁን ዘርግቶ አሳያቸው። ታጣቂው ደግሞ ወሰኑ ከላይም ከታችም ወደ ውስጥ መገፋቱን አስተዋለና፣ ባሌን አሳጥረውታል አለ። ይህ ሲባል ረዲ የመጣበትን ጣጣ ረስቶ ዓይኑን ማያው ላይ ተከለ።

"ጊኒርስ የት ሄደች?" አለ።

"ዝጋ አንተ፣ ራስህ ቆርጠህ" አለችው እኅተማርያም። ከዚያ ተነሥታ ማያው ጋ ሄደች። "ሐረና ያላችሁት ኮቱ ነው። ጉም ያላችሁት ሸሚዙ ነው፣ እኔ ነኝ ያጠብኩት። ገብስ የዘራችሁበት ደግሞ ጉልበቱ ነው። ካድሬ ሁሉ ተሰብስባችሁ የሰው ባል ላይ ታርሳላችሁ?"

ቱፋ ግራ ገባው። ግራ ሲገባው ደግሞ ወደ እናቱ ቋንቋ ነው የሚመለሰው። ወደ ረዲ ዞረና በኦሮምኛ፣ ይህች ሴት ያዘዘችህ ቃል በትክክል ምንድን ነው ብሎ ጠየቀው። ረዲም ገባብሲ ነው ያሉኝ፣ ወላሂ፣ አራት ጊዜ ገባብሲ ነው ያሉኝ አለ። ገባብሲ ማለት አሳጥረው ማለት ነው። እኅተማርያም ደግሞ ኦሮምኛን ገበያ ላይ ስትከራከርበት ኖራለች፤ አልፎባት አያውቅም።

"ማን ገባብሲ አለህ? ቁልቁሌሲ ነው ያልኩህ። አጥራው፣ አንጻው፣ ፊቱ ይታይ።"

ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ በአንድ ጊዜ ገባው። በአማርኛ ይጥራና ይጠር በአንድ በር ሲተላለፉ ይጋጫሉ፤ በኦሮምኛ ግን ንጹሕ የሚለው ቁልቁሉና አጭር የሚለው ገባባ መንገድ ላይ ቢገናኙ እንኳ አይተዋወቁም። መጀመሪያውኑ በገበያ ቋንቋዋ ብታዝዘው ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። እሷ ግን የባሏን ነገር እንደ ቲማቲም በገበያ ቋንቋ ማዘዝ ክብሯ ሆኖ አልታያትም ነበር፤ ይህንንም ለማንም አላስረዳችም።

ረዲ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። አሁን በዚህ ሲዲ ላይ ማጥራት የሚባል ነገር እንደሌለ፣ ከፊቱ ላይ የተበላው ተበልቶ እንደቀረ፣ ኮምፒውተር የበላውን እንደማይመልስ አስረዳ። ያለው መድኃኒት አንድ ነው፤ እናት ካሴቷ። እሷን ማንም አልነካትም፤ ካሜራው ግን አንገቱ ከተማ ነው። ቱፋ ከዚያ በላይ አልጠበቀም። ባሌ በሦስት ቀን ውስጥ እንደ ነበረ ይመለስ ብሎ ወሰነ። ውሳኔው በቃለ ጉባኤ ሲሰፍር የቀበሌ ሰዎች እጃቸውን አውጥተው አጸደቁት፤ ረዲም ሳነቴን ተሻግሮ፣ ሐረናን ወርዶ፣ መሀመድአወልን ከአንድ ሠርግ መሃል ላይ አስለቅሶ ካሜራውን ቀማው።

የተዝካሩ ቀን ድንኳኑ ጢም ብሎ ሞላ። ሰው ሁሉ ቁመት ሊያይ ነው የመጣው፤ ልደት ከፊት ተቀምጣለች፣ ግንባሯን ሻሽ አስራ። ቱፋ የቀበሌውን ቴሌቪዥን በሁለት ሰው አሸክሞ መጣ፤ ባሌ ሰው መሆኑን በዓይኑ አይቶ መዝገቡን ሊዘጋ። ካህናቱ ፍትሐቱን ጨርሰው፣ ሰውም ቀምሶ ሲያበቃ ረዲ ካሜራውን በቀጭን ሽቦ ከቴሌቪዥኑ ጋር አያያዘ። እኅተማርያም ኮምፒውተሩስ አለችው።

"አላመጣሁትም፣ እማማ። ዛሬ ጥርስ ያለው ነገር አይጠጋውም። ከካሴቱ ቀጥታ ወደ ዓይንዎ ነው።"

ካሴቱ ተሽከረከረ። ጌታነህም መጣ።

እንዲህ የጠራ ነገር ድንኳኑ ውስጥ ማንም አይቶ አያውቅም። የጆሮው ጠጉር ይታያል። የኮቱ ሁለተኛ ቁልፍ የተሰፋበት ክር ከሌሎቹ የተለየ መሆኑ ይታያል፤ ከአውራ ጣቱ ጥፍር ሥር የገባው የእንጨት ቀለምም። ከግራ በኩል የጎደለችው ጥርሱ እዚያው ጎድላለች። እኅተማርያም እጇን ወደ አፏ አነሣችና እመንገድ ላይ ቀረ። ሰባት ዓመት ሙሉ በሩን ሞልቶ ሲታያት፣ ያቺ ጥርስ አንድም ቀን አልታየቻትም ነበር።

ከዚያ በፊልሙ ውስጥ እሷ ራሷ መጣች፤ ሐር ጥለት ለብሳ፣ ቀጥ ብላ፣ ሰውን እያዘዘች። ጌታነህ ሊያናግራት ወደ እሷ ሄደ። ከበሮው ይመታል፤ ስለማይሰማት ጆሮዋን ፈለገ። እሷም ከሰው ጋር የያዘችውን ወሬ ሳታቋርጥ፣ ወደ እሱ ሳትዞርም፣ ወገቧን አጠፈች። ሠላሳ ዓመት እንዳደረገችው፣ ሳታስበው፣ ጎንበስ አለች። ጌታነህም በጫማው ጣቶች ተንጠራርቶ ጆሮዋ ላይ ደረሰ። አንድ ነገር አላት፤ ሁለቱም ሳቁ።

ጌታነህ ሲጠራ አጠረ። አጭር ብቻ አይደለም፤ ከደረቷ በታች ነው። ልደት አፏን ከፈተች፤ ግን ከጎኗ የተቀመጠችው እኅተማርያም ምን ስታደርግ እንደነበር አየችና የከፈተችውን ዘጋችው። እኅተማርያም ወንበሯ ላይ እንዳለች ወገቧን አጥፋ፣ አንገቷን ወደ ጎን ጥላ፣ ጆሮዋን ለማንም ሰጥታ ነበር።

ረዲ ፈራ። ይህ ሁሉ ጣጣ የመጣው በቁመት ነገር መሆኑን ሰው ነግሮታል። ቀስ ብሎ አጠገቧ በርከክ አለ።

"እማማ፣ አይዘኑ። እችላለሁ። ልክ እንዳሳጠርኳቸው ከላይና ከታች ሳብ አድርጌ ላስረዝማቸው፤ ከእርስዎም እንዲበልጡ። ትንሽ ብቻ ነው የሚደበዝዙት።"

እኅተማርያም ቀና አላለችም።

"እጅህን ከካሴቱ ላይ አንሣ" አለችው። "ጎንበስ የምለው እኔ ነኝ።"